ስድስተኛ ገልባጭ ይገዛ ወይስ ይቅር? የካባ ሥራን በሲሙሌሽን የመፈተን መንገድ

ግንቦት ላይ ነው። አለቃዬ ቢሮው ጠርቶ «ፋብሪካው ድንጋይ አልደረሰኝም እያለ ነው፤ ስድስተኛ ገልባጭ እንግዛ ወይስ አንግዛ?» አለኝ። መልሱን በአንድ ወር ውስጥ ፈለገ።

የምሠራው ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ ባለ የኖራ ድንጋይ ካባ፣ ማለትም ድንጋይ በሚወጣበት ቦታ ላይ ነው። ድንጋዩ ለሲሚንቶ ይሄዳል። አምስት ገልባጭ መኪናዎች፣ ድንጋዩን የሚጭን አንድ ሎደርና ድንጋዩን የሚሰባብር አንድ ክሬሸር አለን። ጥያቄውን ይዤ ወደ ካባው ስወርድ መጀመሪያ ያገኘሁት ፎርማናችንን ነው፤ ዕድሜውን እዚያ አቧራ ላይ የጨረሰ ሰው። «አቦ አንቺ ልጅ፣ መኪና መች አነሰ? ያሉትም ተሰልፈው ነው የሚውሉት» አለኝ። የሎደሩ ኦፕሬተር ግን «እኔ መኪና ስጠብቅ ነው የምውለው» ይላል። የክሬሸሩ ኦፕሬተር ደግሞ «ሆፐሩ ባዶ ሆኖ ነው የሚውለው» ይላል፤ መኪናው ድንጋዩን የሚገለብጥበትን የክሬሸሩን አፍ ማለቱ ነው። ሦስቱም አልዋሹም። መኪናው ተሰልፎ በሚቆምበት በዚያው ሰዓት ውስጥ ሎደሩም ባዶውን ይቆማል። ይህ እንዴት እንደሚሆን ሲገባችሁ ሲሙሌሽን ለምን እንደሚያስፈልግ ይገባችኋል፤ ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

ሲሙሌሽን ማለት መኪና ሳይገዙ፣ መንገድ ሳይቆርጡ፣ የካባውን የሥራ ቀን በወረቀት ወይም በኮምፒውተር ላይ ደጋግሞ ማዋል ነው። አንድ ቀን፣ ሁለት መቶ ቀን፤ አንዴ በአምስት መኪና፣ አንዴ በስድስት።

የአማካይ ሒሳብ የሚደብቀው

መጀመሪያ ሁላችንም የምንሠራውን ሒሳብ እንሥራ። ለማስረዳት እንዲመች ቁጥሮቹን ድፍን አድርጌያቸዋለሁ። አንድ መኪና ለመጫን በአማካይ 4 ደቂቃ፣ ተጭኖ ክሬሸር ለመድረስ 9 ደቂቃ፣ ለመገልበጥ 3 ደቂቃ፣ ባዶውን ለመመለስ 6 ደቂቃ። አንድ ምልልስ 22 ደቂቃ ሆነ። አምስት መኪና በሰዓት 13.6 ምልልስ ይሰጣል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ባለው ፈረቃ ምሳው፣ ነዳጁና የጠዋት ፍተሻው ሲቀነስ የተጣራ 7 ሰዓት ሥራ ይቀራል እንበል፤ በቀን 95 ምልልስ ነው።

አሁን ፍላጎቱን እንይ። 1 ቶን ክሊንከር፣ ማለትም ከምድጃ ወጥቶ ሲፈጭ ሲሚንቶ የሚሆነውን፣ ለማግኘት ወደ 1.5 ቶን የኖራ ድንጋይ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ድንጋዩ ምድጃ ውስጥ ሲቃጠል ካልሲየም ካርቦኔቱ ከክብደቱ 44 በመቶ የሚሆነውን ጋዝ አድርጎ ይለቀዋል። በቀን 1,000 ቶን ክሊንከር የሚያወጣ ምድጃ 1,500 ቶን ድንጋይ ይፈልጋል፤ በ20 ቶን ገልባጭ 75 ምልልስ ማለት ነው። 95 አለን፣ 75 ይበቃናል። ታዲያ ፋብሪካው ለምን ይጮሃል?

መልሱ መዋዠቅ ነው። ሎደሩ አንዱን መኪና በ2 ደቂቃ ተኩል ይጭናል፤ ቀጣዩን ግን ትልልቁን ድንጋይ እየገፋ 9 ደቂቃ ይፈጅበታል። አማካዩ 4 ደቂቃ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን 9 ደቂቃ የፈጀው ጭነት ከኋላው ወረፋ ይፈጥራል፣ በ2 ደቂቃ ተኩል ያለቀው ጭነት ደግሞ የተረፈውን ጊዜ ማንም ሳይጠቀምበት ይጥለዋል። ሎደሩ ባዶ የቆመበትን ደቂቃ አጠራቅሞ ለከሰዓት ማዋል አይችልም። የመጫኛውና የመገልበጫው ጊዜ በጣም የተበታተነ ከሆነ፣ ማለትም የወረፋ ሒሳብ ሰዎች ኤክስፖኔንሻል የሚሉትን ዓይነት ስርጭት ከያዘ፣ እነዚያው አምስት መኪናዎች በሰዓት 13.6 ሳይሆን 10.65 ምልልስ ነው የሚሰጡት። በ7 ሰዓት 75 ማለት ነው። አማካዮቹ አንዳቸውም አልተነኩም፤ የጠፋው 20 ምልልስ የመበታተን ዋጋ ነው። አማካዩ ልክ 75 ከሆነ ደግሞ ከቀኖቹ ግማሽ ያህሉ ከ75 በታች ናቸው። የእኛም ካባ ከሁለቱ ጫፎች መካከል፣ ወደ መጥፎው ጠጋ ብሎ ነበር።

መጀመሪያ በሲኒና በወረቀት

ኮምፒውተር ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ከሰዓት ለዚህ ስጡ። እኔ ሳቢያን ሰፈር ቤታችን በረንዳ ላይ፣ እናቴ ቡና ስታፈላ፣ በሦስት ሲኒ ነው የሠራሁት። በአንዱ ሲኒ የለካኋቸውን የመጫኛ ጊዜያት አንድ በአንድ በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ጨመርኩ፤ በሁለተኛው የመንገዱን፣ በሦስተኛው የመገልበጫውን። ከዚያ ዕጣ ማውጣት ነው። ያወጣችሁትን ወረቀት መልሳችሁ ወደ ሲኒው ጨምሩ፤ አለዚያ ሲኒው ያልቃል፣ ዕድሉም ይዛባል።

በሦስት መኪና እንሞክር፤ በጎን ቁጥራቸው 07፣ 11 እና 14 ይባሉ። ከጠዋቱ 1:00 ላይ ሦስቱም ሎደሩ ጋ ተሰልፈዋል። ለ07 የመጫኛ ዕጣ 4 ወጣ፤ በ1:04 ተጭኖ ሄደ። ለ11 ዕጣው 3 ነው፤ 4 ደቂቃ ጠብቆ በ1:07 ሄደ። ለ14 ዕጣው 7 ሆነ፤ 7 ደቂቃ ጠብቆ በ1:14 ተነሣ። የመንገድ ዕጣ ለ07 9 ወጣ፣ ክሬሸር በ1:13 ደረሰ፣ በ3 ደቂቃ ገልብጦ በ1:16 ለቀቀ። 11 በ8 ደቂቃ ተጉዞ በ1:15 ደረሰ፤ 07 ገና ስላልለቀቀ 1 ደቂቃ ጠበቀ፤ የመገልበጫ ዕጣው 6 ስለሆነ እስከ 1:22 እዚያው ነው። 07 በ6 ደቂቃ ተመልሶ ሎደሩ ጋ በ1:22 ደረሰ።

አሁን ወደ ሎደሩ ዓምድ ተመለሱ። ሎደሩ 14ን የላከው በ1:14 ነው። እስከ 1:22 ድረስ 8 ደቂቃ ባዶውን ቆሟል። በዚያችው 22 ደቂቃ ውስጥ 11 በድምሩ 5 ደቂቃ፣ 14 ደግሞ 7 ደቂቃ ተሰልፈዋል። ፎርማኑም ልክ ነበር፣ የሎደሩ ኦፕሬተርም ልክ ነበር። ይህን ሠንጠረዥ በእጄ ጽፌ ሳየው ነው ጥያቄው የገባኝ፤ ሶፍትዌር ቀድሞ ቢሠራልኝ ኖሮ የማየው የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ ነበር።

የዘዴው ሥር ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 የሒሳብ ሊቁ ስታኒስላው ኡላም ከሕመም ሲያገግም ለብቻው ካርታ እየተጫወተ፣ የማሸነፍ ዕድሉን በቀመር ከመፈለግ ብዙ ጊዜ ተጫውቶ መቁጠር እንደሚቀል አሰበ፤ ከጆን ፎን ኖይማን ጋር ሆነው ለኑክሌር ስሌት አዋሉት፣ ሞንቴ ካርሎ የሚለው ስምም ወጣለት። ወደ ማዕድን ሥራም ለመድረስ ብዙ አልቆየም። እ.ኤ.አ. በ1961 በኮሎራዶው የክላይማክስ ሞሊብዲነም ማዕድን ከመሬት በታች ስንት ባቡር እንደሚበቃ በዚሁ ዘዴ ተሰልቷል። አባቴ ምድር ባቡር ስለሠራ ይህን ስነግረው አልገረመውም። በአንድ ሃዲድ ላይ ከፊት የሚመጣውን ባቡር አንዱ ጣቢያ ቆሞ ይጠብቃል፤ የእኛም መንገድ ደረቁን ወንዝ የሚሻገርበት ቦታ አንድ መኪና ብቻ ነው የሚያሳልፈው። «ያው ነው፤ ሃዲዱን አትርሺው» አለኝ። በእርግጥም በመጀመሪያው ሞዴሌ ረስቼው ነበር።

ልኬት፦ ከሁሉ በላይ ጊዜ የሚበላው

አለቃዬ የሰጠኝን አንድ ወር ስከፋፍለው ከግማሽ በላዩ ለልኬት ሄደ፤ አልቆጨኝም። ሞዴል የሚበላሸው ኮዱ ላይ ሳይሆን እዚህ ነው።

የሚያስፈልጋችሁ የስልክ ሰዓት፣ ሰሌዳና ወረቀት ነው። ለእያንዳንዱ ምልልስ ስድስት ሰዓት ጻፉ፦ ሎደሩ ጋ የደረሰበት፣ መጫን የጀመረበት፣ ተጭኖ የለቀቀበት፣ ክሬሸር የደረሰበት፣ መገልበጥ የጀመረበት፣ ባዶውን የለቀቀበት። ደረሰ እና ጀመረ የሚሉትን አትቀላቅሉ። ብዙ ሰው «መጫን 11 ደቂቃ ፈጀ» ብሎ ይጽፋል፤ 7ቱ ደቂቃ ግን ወረፋ ነው። ወረፋን የሥራ ጊዜ አድርጋችሁ ካስገባችሁት ሞዴሉ ራሱ የሚፈጥረውን ወረፋ ይጨምርበትና ሁለት ጊዜ ትቆጥራላችሁ። ለእያንዳንዱ ሥራ ቢያንስ ከ50 እስከ 100 ልኬት ይኑራችሁ።

አንድ ሰው በሁለቱም ጫፍ መቆም አይችልም። እኔ ሎደሩ ጋ፣ አንድ የተግባር ልምምድ ተማሪ ክሬሸሩ ጋ ቆመን፣ ማታ ማታ በመኪናው ጎን ቁጥር እናገጣጥመው ነበር።

እዚህ ላይ አገራችን ያለባትን አንድ ወጥመድ ልንገራችሁ። የመኪናው ጭነት የሚመዘንበት የሚዛን ቤቱ ኮምፒውተር ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ያትማል፤ የካባው መዝገብ ግን በእኛ ሰዓት ነው። ሚዛኑ 08:40 ያለውን መዝገቡ 2:40 ይለዋል። ቀኑም እንዲሁ፤ አንዱ ግንቦት ይላል፣ ሌላው ሜይ። ሁለቱን ሳላስተካክል አንድ ላይ አስገብቼ ሁለት ቀን ሙሉ ትርጉም የሌለው ቁጥር ሳይ ውያለሁ። መጀመሪያ ሁሉንም ወደ አንድ ሰዓትና ወደ አንድ ቀን አቆጣጠር ቀይሩ፤ የትኛውም ይሁን፣ አንድ ይሁን።

ጠዋትና ከሰዓትን ለየብቻ ለኩ። ድሬን የሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲያይል ከተማውም ሥራውም ይቀዘቅዛል፤ የተነፈሰ ጎማ፣ የሞቀ ሞተር፣ ውኃ የሚጠጣ ሾፌር። የጠዋቱን ጊዜ ለቀኑ ሙሉ ካዋላችሁት ሞዴላችሁ የሚገልጸው ድሬዳዋ ውስጥ የሌለ ካባ ነው።

ደግሞም ስትለኩ ሾፌሮቹ ያዩአችኋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሁሉም መኪና ይሮጥ ነበር፤ ሊቆጣጠሩን መጡ ብለው አስበው ነው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከሥራ በፊት ሰብስቤ ነገርኳቸው፦ የሰው ስም አልጽፍም፣ የምለካው ወረፋውን ነው፣ ከቅጣት ጋር አይገናኝም። ቃሌንም ጠበቅሁ። የእነዚያን የሁለት ቀናት ልኬት ጣልኩት። በዚህ ጉዳይ አጥብቄ የምናገረው፣ የሾፌር ስም ያለበት ሠንጠረዥ አለቃ እጅ ከገባ ዳግመኛ እውነተኛ ልኬት ስለማታገኙ ነው፤ ሰዎቹንም መበደል ነው።

በልኬት የማይገኘውን ጠይቁ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ጊርቦክስ ላይሰበር ይችላል። የጋራዡን ኃላፊ ስለ ጥገና ስጠይቀው «አብዛኛውን ጊዜ 40 ደቂቃ ነው» አለኝ። በዚህ አላቆምኩም፤ «በጣም ፈጥኖ ሲያልቅስ? በጣም ሲቆይስ?» አልኩት። 20 ደቂቃ እና 3 ሰዓት አለኝ። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች፣ ትንሹን፣ የተለመደውንና ትልቁን ብቻ በሚጠይቀው የሦስት ማዕዘን ስርጭት ስታስገቡ አማካዩ ሦስቱን ደምሮ ለሦስት ማካፈል ነው፦ 20፣ 40 እና 180 ደቂቃ፣ 80 ደቂቃ ይሆናል። ሰው «አብዛኛውን ጊዜ» የሚለው ቁጥርና አማካዩ በእጥፍ ሊራራቁ ይችላሉ። ስለዚህ ባለሙያን ስትጠይቁ ሁልጊዜ ሦስት ቁጥር ጠይቁ።

ጎርፉንም እንደዚሁ። ደረቅ የምንለው አሸዋማ ወንዝ ክረምት ላይ፣ ዝናቡ ተራራው ላይ ዘንቦ እዚህ ሰማይ ጥርት ባለበት ቀን ሊሞላ ይችላል። የ1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ የወሰደብንን ሰው የማያስታውስ የድሬ ቤተሰብ የለም። በግንቦት ልኬት ውስጥ ይህ አይታይም። መሻገሪያው በሐምሌና በነሐሴ ስንት ቀን እንደሚዘጋ ከፎርማኑና በአካባቢው ካሉ አርብቶ አደሮች ጠይቄ፣ ለክረምቱ ለብቻው አስገባሁ።

ወደ ኮምፒውተሩ

ለአንድ ሎደርና ለአንድ ክሬሸር ኤክሴል ይበቃል። እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ምልልስ ነው። ዋናው ቀመር አንድ ነው፦ መጫን የሚጀምርበት ሰዓት መኪናው ከደረሰበትና ሎደሩ ከቀደመው መኪና ከተላቀቀበት የዘገየው ነው፤ በማክስ ፋንክሽን ይሠራል። ዕጣው ደግሞ ራንድ በሚባለው ፋንክሽን ከልኬታችሁ ዝርዝር አንዱን መምረጥ ነው፤ ሲኒውና ወረቀቱ ማለት ነው።

መኪናዎች ሲበላሹ፣ ሁለት ሎደር ሲኖር፣ የአንድ መኪና መሻገሪያ ሲገባ ኤክሴል ይጨናነቃል። እኔ ፓይተን ወደሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሄድኩ፤ ሲምፓይ የሚባል በነፃ የሚገኝ ላይብረሪ፣ ማለትም ለሲሙሌሽን የተዘጋጀ ኮድ፣ አለው። ሎደሩ፣ ክሬሸሩና መሻገሪያው እያንዳንዳቸው አንድ ተጠቃሚ ብቻ የሚይዙ ሪሶርሶች ናቸው። መኪናው ደግሞ ታሪኩን ይናገራል፦ ሎደሩን ጠይቅ፣ እስኪለቀቅ ጠብቅ፣ ተጫን፣ ልቀቅ፣ ተጓዝ፣ መሻገሪያውን ጠይቅ። አሬና እና ኤኒሎጂክ የሚባሉት የንግድ ሶፍትዌሮች ሥዕል እያሳዩ ይሠሩታል። ሥዕሉ ለስብሰባ ያምራል፤ መኪናው በስክሪን ላይ ሲሄድ ያየ ሰው ግን ቁጥሩን መጠየቅ ይተዋል፤ ስለዚህ ሥዕሉን መጨረሻ ላይ ብቻ አሳዩ።

ሞዴሉን ማመን የሚቻለው መቼ ነው?

መጀመሪያ ቀላሉን ፈትኑ። መዋዠቁን ሁሉ አጥፉና በአማካይ ብቻ አስኪዱት፤ ለአምስት መኪና በሰዓት 13.6 ካልሰጠ ኮዱ ውስጥ ስሕተት አለ። በአንድ መኪና አስኪዱት፤ ወረፋ ዜሮ መሆን አለበት። የሊትል ሕግ የሚባለውንም ተጠቀሙ፤ ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 ያረጋገጠው ነው፦ በወረፋ ላይ ያለው አማካይ የመኪና ቁጥር በሰዓት የሚደርሱት መኪናዎች ሲባዙ በአማካይ የሚጠብቁት ጊዜ ነው። በሰዓት 10 መኪና እየደረሰ እያንዳንዱ 6 ደቂቃ ከጠበቀ በአማካይ 1 መኪና ተሰልፏል። ሞዴላችሁ ይህን ካልጠበቀ ቆጠራው ተበላሽቷል።

ከዚያ ከባዱ ይመጣል፤ ሞዴሉን ከሚዛን ቤቱ ጋር ማወዳደር። ለዚህ ሞዴሉን ያልሠራችሁበትን ሳምንት ተጠቀሙ። የእኔ የመጀመሪያ ሞዴል በቀን 12 ምልልስ ያህል አብልጦ ይሰጥ ነበር። መሻገሪያውን ጨመርኩ፤ ጥቂት ቀነሰ። ቀኖቹን ለየብቻ ሳያቸው ደግሞ ትልቁ ክፍተት ዓርብ ላይ ነበር። ከሾፌሮቻችን ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ ዓርብ ለጁምዓ ይሄዳሉ፤ ይህ ሁላችንም የምናውቀውና የምናከብረው ነገር ነው፤ ሠንጠረዤ ውስጥ ግን አምስቱም ቀናት አንድ ዓይነት ነበሩ። ይህን ሳስገባ ዓርብ ተስተካከለ። ለረመዳን ለብቻው የሥራ ሰዓት መዝግቤያለሁ።

የተቀረው ክፍተት ከክሬሸሩ መጣ። የክሬሸሩ መዝገብ ከ10 ደቂቃ በታች የሆነ መቆምን አይጽፍም። አንድ ትልቅ ድንጋይ አፉ ላይ ሲሰነቀር፣ በብረት ዘንግ ሲገፉት፣ 5 ወይም 8 ደቂቃ ይሄዳል፤ አይጻፍም፤ በቀን ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። አንድ ሙሉ ቀን እዚያው ቆሜ ቆጠርኩ። ከዚያ በኋላ የሞዴሉና የሚዛኑ ልዩነት ወደ 2 ምልልስ ወረደ።

አንድ የመጨረሻ ፈተና አለ። ከሞዴሉ የወጡ አምስት ቀናትንና ከመዝገቡ የወጡ አምስት እውነተኛ ቀናትን በአንድ ዓይነት ሠንጠረዥ አትሜ፣ ሳልነግረው ለፎርማናችን ሰጠሁትና የትኞቹ የእኛ ቀናት እንደሆኑ ጠየቅሁት። አንዱን ወዲያው አንሥቶ «ይሄ የእኛ አይደለም። ምሳ ላይ ሁሉም መኪና አንዴ አይቆምም እዚህ። እኛ ጋ ግን ይቆማል» አለኝ። ልክ ነበር። አስተካከልኩት።

አማራጮቹን ማስኬድ

አማራጮችን ስታወዳድሩ ለሁሉም አንድ ዓይነት ዕጣ ስጧቸው፤ የዕጣው መነሻ ቁጥር፣ ሲድ የሚሉት፣ አንድ ይሁን። ስድስት መኪናው ጥሩ ቀን ደርሶት አምስቱ መጥፎ ቀን ከደረሳቸው ያወዳደራችሁት ዕድልን ነው። አንድ ቀን ብቻ አስኪዳችሁም አትፍረዱ። እኔ ለእያንዳንዱ አማራጭ 200 ቀን አስኪጃለሁ። የግምቱን ስፋት በግማሽ ለማጥበብ ቀኖቹን አራት እጥፍ ማድረግ እንደሚጠይቅ አስታውሱ፤ ስለዚህ 200 ከበቃ ወደ 2,000 መሮጥ አያስፈልግም።

ወደ ድፍኑ ምሳሌያችን እንመለስ፤ አሁን ያለው በቀን 75 ነው። ስድስተኛ ገልባጭ ሲጨመር ወደ 83 ይወጣል። በአማካይ ሒሳብ ግን ስድስተኛው መኪና ሎደሩን እስከ ጣሪያው ያደርሰዋል፣ 105 ይሆናል ተብሎ ለግዢ ይቀርብ ነበር። ክሬሸሩ ላይ የሚሰነቀረውን ድንጋይ ቀድሞ የሚሰብር ብሬከር ሆፐሩ አጠገብ አቁመን የመገልበጫውን አማካይ ከ3 ወደ 2 ደቂቃ ብናወርደው፣ በአምስቱ መኪና ብቻ ወደ 80 ይደርሳል። ምሳን በፈረቃ አድርገን ሎደሩና ክሬሸሩ ግማሽ ሰዓት እንዲተርፋቸው ብናደርግም ያው 80 ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ 85፤ ስድስተኛውን መኪና ከመግዛት ይበልጣል። ነዳጅ፣ ጎማና ሾፌር አይጨምርም፤ በጠባቡ መሻገሪያ ላይም ተጨማሪ መኪና አያሰልፍም።

ለአለቃ ስታቀርቡ አማካዩን ብቻ አታቅርቡ። ምድጃው ከ1,400 ዲግሪ በላይ እየነደደ ሌሊትም ቀንም ይበላል፤ ካባው የሚሠራው በቀን ነው። ምድጃውን የሚያቆመው ተከታትሎ የመጣ መጥፎ ቀን ነው፤ የወሩ አማካይ ጥሩ ሆኖም ክምችቱ በሦስት ተከታታይ ቀን ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አማራጭ ሁለት ነገር ጻፍኩ፦ ከ200 ቀን ውስጥ ስንቱ ከ75 በታች ሆነ፣ ክምችቱስ ስንት ጊዜ ባዶ ሆነ። አለቃዬ ያነበበው እነዚህን ሁለት ዓምዶች ነው። ከዚያ የጠየቀኝ ጥያቄ ጥሩ ነበር፦ «ልኬትሽ ቢሳሳትስ?» የመጫኛውን ጊዜ በ10 በመቶ ከፍ ዝቅ እያደረግሁ ሁሉንም እንደገና አስኬድኩ፤ የአማራጮቹ ቅደም ተከተል አልተቀየረም። ቅደም ተከተሉ ቢገለባበጥ ኖሮ መልሴ «ተጨማሪ ሁለት ሳምንት ልለካ» ነበር የሚሆነው፤ ይህንንም ለመናገር ተዘጋጅቼ ነው የገባሁት።

ብሬከሩን በኪራይ አመጣን፣ ምሳው በፈረቃ ሆነ። ምሳውን ያለ ሾፌሮቹ ስምምነት አላደረግነውም፤ ማን መቼ እንደሚበላ ራሳቸው ተነጋግረው ደለደሉት፣ ዓርብንም እነሱ ናቸው ያስተካከሉት። የስድስተኛው መኪና ግዢ ለጊዜው ቆየ።

ለጊዜው ያልኩት በምክንያት ነው። ካባ ይንቀሳቀሳል። ከክረምት በኋላ የምናፈነዳው የድንጋይ ግንብ ወደ ውስጥ ገብቶ መንገዱ ረዘመ፤ 9 ደቂቃ የነበረው ጉዞ 11 ሆነ። መንገድ ሲረዝም ሎደሩ ጋ የሚሰለፈው ይቀንሳል፣ የሚጎድለው መኪና ይሆናል፤ በግንቦት ትክክል የነበረው መልስ በኅዳር ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ ጥቅምት ላይ ሰሌዳውን ይዤ ተመልሻለሁ። ፎርማኑ ከሩቅ ሲያየኝ «ነይ፣ ጥላው ጋ ቁሚ፤ ዛሬ ክሬሸሩን እኔ እቆጥርልሻለሁ» አለና እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደ።